አልጋችን ላይ የረጨነው ምን ነበር?

በቤታችን ስላሉ ኬሚካሎች፤ ለፈሩም ለደፈሩም ባለትዳሮች

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው በራሴ ቤት በደረሰ ነገር ነው። የሚያኮራ ታሪክ አይደለም። ነገር ግን እኔ አፍሬ ዝም ብል ሌላዋ እናት በዚያው መንገድ ትሄዳለች ብዬ ስለፈራሁ ልናገረው ወሰንኩ።

ጊዜው ክረምት ነበር። ቤታችን እንግዳ አያጣውም። ከክፍለ ሀገር የመጣ አገልጋይ፣ ለሕክምና የመጣ ዘመድ፣ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሁሉ ያድርበታል። በዚያ ክረምት ታዲያ ከእንግዶቹ ጋር ትኋንም አብሮ ገባ። አንሶላ አጠብን፣ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ፍራሽ አወጣን፤ ለውጥ አልነበረም። በመጨረሻ ጎረቤቴ፣ “ማላታይን ርጪበት፤ ድራሹ ይጠፋል” አለችኝ። ገበያ ወጥቼ ከመንገድ ዳር ነጋዴ በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጠውን ገዛሁ። ጠርሙሱ ላይ ምንም ጽሑፍ አልነበረም። “በስንት ውሃ ነው የሚበጠበጠው?” ብለው፣ “እንደ ትኋኑ ብዛት ነው” አለኝ። ስቄ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ የልጆቹን አልጋ፣ ግድግዳውንና ፍራሹን ሳይቀር ረጨሁት። ብርድ ይገባል ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። ልጆቹም ማታ እዚያው ተኙ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ የአራት ዓመቷ ልጄ እያስመለሳት ተነሣች። ላቧ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ለሃጯ ይዝረበረባል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። ባለቤቴ አቅፏት እኔ ከኋላው እየሮጥኩ፣ አፌ “ጌታ ሆይ” ከማለት በቀር ሌላ ቃል አላወጣም ነበር።

ተረኛዋ ሐኪም የልጄን ዓይን በባትሪ አየች። የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቧል። “ቤት ውስጥ ምን ረጫችሁ?” ስትል ጠየቀችን። ስነግራት፣ “ጠርሙሱን አምጡልኝ” አለች። ባለቤቴ ተመልሶ አመጣው። ሐኪሟ አገላብጣ ብታየው የሚነበብ ነገር የለውም። “እዚህ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እናንተም አታውቁም፣ እኔም አላውቅም” ያለችው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

የልጃችን ልብስ ወልቆ ሰውነቷ በሳሙና ታጠበ፤ መድኃኒት ተሰጣት፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች። እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለተኛው ችግር የጀመረው ግን ያን ጊዜ ነው።

ሁለት ስሕተት በአንድ ጣሪያ ሥር

ባለቤቴ ከጤና ተቋሙ እንደተመለስን በቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰብስቦ ደጅ ላይ ከመረው። በረኪናው፣ የጉንዳን ዱቄቱ፣ የሽንት ቤት ማጽጃው፣ የጫማ ቀለሙ፣ የኔ የፀጉር ማለስለሻ ሳይቀር ወጣ። “ከዛሬ ጀምሮ ኬሚካል የሚባል ነገር ይህን ደጃፍ አያልፍም!” አለ። እኔ ደግሞ ጥፋቴ እያቃጠለኝ ይቅርታ በማለት ፋንታ ተከላከልኩ። “ሰፈሩ ሁሉ የሚጠቀምበት ነው። ያንተ ቤት ብቻ ምን ስለሆነ ነው?” አልኩት። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል የተነጋገርነው ስለ ልጆቹ ምሳ ብቻ ነበር።

ልጃችንን ልትጠይቅ የመጣች የፋርማሲ ባለሙያ እህት ነገሩን ሰማች። ሁለታችንንም አስቀምጣ እንዲህ አለችን፦ “ሁለታችሁም የያዛችሁት ግማሽ እውነት ነው። አንተ የምትናገረው ዕቃው ምን ማድረግ እንደሚችል ነው። አንቺ የምትናገሪው ብዙ ጊዜ ምንም ሳያደርግ መቅረቱን ነው። ሁለቱ ካልተጋቡ ቤታችሁ አይጠበቅም።” ለእኔ ትልቅ ትምህርት የሆነኝ ይህ ነው። ለእናንተም ማካፈል የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ጎጂነትና የመጎዳት ዕድል

ስለ ኬሚካል የሚያጠኑ ሰዎች ሁለት ነገሮችን ለይተው ያያሉ። አንደኛው ጎጂነት ነው። ይህም ነገሩ በባሕርዩ ምን ዓይነት ጉዳት ማድረስ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው የመጎዳት ዕድል ነው። ይህም በእኛ ኑሮ፣ በእኛ አጠቃቀም፣ ያ ጉዳት ምን ያህል ሊደርስብን እንደሚችል ነው።

ጅብን አስቡ። መንጋጋው አጥንት ይሰብራል፤ ይህ ጎጂነቱ ነው፤ ቀንም ሌሊትም አይለወጥም። በሩ ተዘግቶ ቤት ውስጥ ለተኛ ሰው ግን የመጎዳት ዕድሉ ከምንም አይቆጠርም። በሌሊት ብቻውን ደጅ ለተኛ ሰው ይህ ዕድል ከፍ ይላል። ጅቡ ያው ጅብ ነው። የተለየው በጅቡና በሰውየው መካከል ያለው ነገር ነው። በኬሚካልም እንዲሁ፣ በእኛና በእርሱ መካከል ያለው ነገር ተጋላጭነት ይባላል። ምን ያህል ነካን? በየት በኩል ገባ? ለስንት ጊዜ? የነካውስ ማንን ነው?

በኩሽናችን ያለውን በረኪና እንውሰድ። የቤት በረኪና ከክብደቱ 5 በመቶ ገደማው ክሎሪን ሰጪ ንጥረ ነገር ነው። ይህም በአንድ ሊትር ውስጥ ወደ 50,000 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የክሎሪን ወሰን ደግሞ በሊትር 5 ሚሊ ግራም ነው። ልዩነቱ አሥር ሺህ እጥፍ ነው። ስለዚህ ያው አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር፣ ውሃ አጋርን በመሰለ የውሃ ማከሚያ ሆኖ በልኩ ሲገባ ልጆቻችንን ከተቅማጥ ያድናል። በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ መሬት ላይ ሲቀመጥ ደግሞ የሕፃን ጉሮሮ ያቃጥላል። የሚያድነውም የሚያቃጥለውም ያው አንዱ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑና አያያዙ ነው።

መቀላቀል ደግሞ አዲስ ጎጂነት ይወልዳል። በረኪና ከአሲድ ጋር፣ ለምሳሌ ከአንዳንድ የሽንት ቤት ማጽጃዎች ወይም ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት በቤልጂግ ምድር በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ጋዝ ነው። “ይበልጥ ይጽዳልኝ” ብላ በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሁለቱን የምትቀላቅል እህት ይህን ብታውቅ ኖሮ አታደርገውም ነበር። አንዱን ብቻ መጠቀምና በርና መስኮት መክፈት ይበቃል።

ማላታይን ያስተማረኝ

ከዚያ ወዲህ ስለ ማላታይን አጥብቄ ጠየቅሁ፤ አነበብኩም። ያገኘሁት ነገር ባለቤቴንም እኔንም አስደንቆናል።

ማላታይን ነርቭ ለጡንቻና ለዕጢ የሚልከውን መልእክት የሚያስቆመውን ኢንዛይም ያግዳል። መልእክቱ ሳይቋረጥ ሲቀጥል ለሃጭ፣ እንባና ላብ ይፈስሳል፤ ብሌን ይጠባል፤ ትንፋሽ ያጥራል። የልጄ ሕመም ይህንኑ ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት ፀረ-ተባዮችን እንደ መርዛማነታቸው ሲደለድል ማላታይንን ያስቀመጠው በመጠኑ ጎጂ በሚባለው በሦስተኛው ደረጃ ነው። ለምን? የሰው ሰውነት ማላታይንን ቶሎ ሰባብሮ የሚያስወግድ ሌላ ኢንዛይም ስላለው ነው። ነፍሳት ይህ አቅም እምብዛም የላቸውም፤ ስለዚህ እነርሱ ይሞታሉ፣ እኛ እንተርፋለን።

“እንግዲያውስ ምን ያስፈራል?” ለሚል፣ ፓኪስታን ውስጥ የሆነውን ልንገር። እ.ኤ.አ. በ1976 ለወባ መከላከል 7,500 ያህል ሠራተኞች ማላታይን በየቤቱ ይረጩ ነበር። ከእነርሱ 2,800 የሚሆኑት ተመረዙ፤ አምስቱ ሞቱ። ሲመረመር ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛ፣ ሠራተኞቹ በቂ ጥንቃቄ ስላላደረጉ ኬሚካሉ ቆዳቸውን አብዝቶ ይነካቸው ነበር። ሁለተኛ፣ ከመጣው ማላታይን ውስጥ አንዳንዱ አይሶማላታይን የሚባል ባዕድ ነገር በዝቶበት ነበር። ይህ ነገር ማላታይን በሙቀት ሲቀመጥ ይፈጠራል። ክፋቱም ሰውነታችን ማላታይንን የሚሰባብርበትን ያንኑ ኢንዛይም ማሰሩ ነው። ጠባቂው ታሰረ ማለት ነው። ስሙ “በመጠኑ ጎጂ” የተባለው ነገር በአቀማመጡና በአያያዙ ምክንያት ገዳይ ሆነ።

እኔ የገዛሁት ጠርሙስ ስንት ወር ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር? ማን ቀላቀለው? ከምን ጋር? በእርግጥ ማላታይን ነበርን? የሐኪሟ ቃል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ መጠን። ባለሙያዎች አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው ጉዳት አያመጣም የሚሉትን ልክ ሲያወጡ እንዲህ ያደርጋሉ። በእንስሳት ላይ ጉዳት ያላሳየውን ከፍተኛ መጠን ይወስዱና ብዙ ጊዜ ለመቶ ያካፍሉታል። አሥሩ እጅ ሰው ከእንስሳ ይልቅ ተጎጂ ቢሆንስ ተብሎ ነው። ሌላው አሥር እጅ ደግሞ ከሰውም መካከል ደካሞች ስላሉ ነው፤ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያን፣ ሕሙማን። ከጠንካራው ሳይሆን ከደካማው ተነሥቶ ልክ ማውጣት ትክክለኛ አስተሳሰብ ነው።

ለማላታይን የወጣው ልክ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት እስከ 0.3 ሚሊ ግራም ነው። 15 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ 4.5 ሚሊ ግራም ይሆናል። ሃምሳ በመቶ የሆነው ያልተበጠበጠ ማላታይን ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ፣ ማለትም በሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ውስጥ፣ ወደ 500 ሚሊ ግራም ይይዛል። ከመቶ ቀን የሚበልጥ ልክ በአንዲት ጭላጭ ማለት ነው። በእርግጥ በቆዳ የሚገባው ከሚዋጠው ያነሰ ነው። ሕፃን ግን ፍራሽ ላይ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ትተኛለች፤ ጣቷን ትጠባለች፤ ከክብደቷ አንጻር ከእኛ የበለጠ አየር ትስባለች። እኔ ለትኋን ያሰብኩት የደረሰው ለልጄ ነበር።

ሁለት መግለጫ፣ አንድ ኬሚካል

እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ማላታይንን “በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል መሆኑ አይቀርም” ከሚባሉት መደብ ውስጥ አስገባው። በዓመቱ፣ በ2016፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ጉባኤ ደግሞ በምግብ በኩል በሚደርሰን መጠን ካንሰር ማምጣቱ የማይመስል ነው አለ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ “እርስ በርሳቸው ተጣሉ” ወይም “አንዱ ዋሽቷል” ይላል።

ግን የተጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው የጠየቀው “ጎጂነት አለውን?” ብሎ ነው። ሁለተኛው የጠየቀው “ሰው ምግብ ሲበላ በሚያገኘው መጠን ይጎዳዋልን?” ብሎ ነው። ሁለቱም መልስ በየጥያቄው ይቆማል። እኔና ባለቤቴም በዚያ ሳምንት የተጣላነው ልክ እንደዚሁ ነበር። እርሱ አንዱን ጥያቄ ይመልሳል፤ እኔ ሌላውን። ልብ በሉ፤ ሁለተኛው መልስ የሚናገረው በምግብ ላይ ስለሚቀር ጥቂት መጠን ብቻ ነው። በልጅ ፍራሽ ላይ ስለሚፈስስ ማላታይን ማንም “ደህና ነው” አላለም።

“ወተቴ መርዝ ነው?”

በሌላ ጊዜ በእናቶች ኅብረት ላይ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ወጣት እናት እያለቀሰች መጣች። “በእናት ጡት ወተት ውስጥ ዲዲቲ ተገኘ ሲባል ሰማሁ። ማጥባቴን ላቁም?” አለችኝ።

የሰማችው ነገር ውሸት አልነበረም። ዲዲቲ ነፍሳትን መግደሉ በስዊሱ ኬሚስት በፓውል ሙለር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ ሰውየው በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ብዙ ሕዝብ ከወባና ከተስቦ አድኗል። በኋላ ግን ቶሎ እንደማይጠፋ፣ በስብ ውስጥ እንደሚጠራቀም፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ እንስሳ እየተላለፈ እንደሚበዛ፣ የአሞራዎችን የእንቁላል ቅርፊት እያሳሳ ዘራቸውን እንዳመናመነ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ለእርሻ እንዳይውል ከለከለና እንደ ወባ ላሉ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳት መከላከያ ብቻ ፈቀደው። በአገራችንም ለወባ መከላከል ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት በየቤቱ ሲረጭ ኖሯል፤ ትንኟ ስለተላመደችው በሌላ ተተካ። በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች ከእናቶችና ከላሞች የተወሰደ ወተት ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲታተም ዲዲቲ ተገኝቶበታል።

ታዲያ ማጥባት ታቁም? አታቁም! እዚህ ላይ ነው ጎጂነትን ብቻ ማየት ሰውን የሚያሳስተው። በሚዛኑ ሌላኛው ወገን ያለውስ? ጡት የተከለከለ ሕፃን የሚጠጣው በጡጦ፣ ምናልባትም ንጹሕ ባልሆነ ውሃ የተበጠበጠ ዱቄት ወተት ነው። ከእናቱ የሚያገኘውን በሽታ የመከላከል አቅም ያጣል። ተቅማጥና የሳንባ ምች ዛሬና ነገ የሚገድሉ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሁሉ እያወቀ ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲቀጥል ይመክራል። ያቺ እናት ማጥባቷን ቀጠለች። ነገሩ መታረም ያለበት በጡቷ ሳይሆን በእርሻውና በመጋዘኑ ነው።

ደጃችንን አልፎ የሚሄደው

ያ ደግሞ ወደ ጎረቤቶቻችን፣ ወደ ወንዙና ወደ ፍጥረቱ ይወስደናል። ማላታይን ለሰው “በመጠኑ ጎጂ” ቢባልም ለንብ እጅግ መርዛም ነው። አገራችን ከአፍሪካ ማር በማምረት ቀዳሚ ናት። አበባ በሚያብብበት ሰዓት ጓሮውን የሚረጭ ሰው የጎረቤቱን ቀፎ ባዶ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ “ለማን?” የሚለው ጥያቄ ከቤተሰባችን አልፎ ይሄዳል። ለአንዱ ጥቂት የሆነው ለሌላው ብዙ ነው።

ያልተጠቀምንበትም አይጠፋም። በአገራችን ለዓመታት በየመጋዘኑ ጊዜው አልፎበት የተከማቸ ፀረ-ተባይ ነበር። አንዳንዱ በርሜል ዝጎ ወደ መሬት ይፈስስ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በምግብና እርሻ ድርጅት እገዛ 1,500 ቶን ገደማ ተሰብስቦ በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል እስከ ፊንላንድ ድረስ በመርከብ ተጓጓዘ። “ይጠቅማል” ተብሎ ከልክ በላይ የመጣ ነገር ለማስወገድ ባሕር ማቋረጥ አስፈለገ። እኛም ዛሬ “ለክፉ ቀን” ብለን የምናስቀምጠው ትርፍ ጠርሙስ ነገ ማንም የማያውቀው መርዝ ይሆናል። የመርጫውን እጣቢ ወንዝ ዳር ወይም ጉድጓድ አጠገብ መድፋትም እንዲሁ ነው። ምድሪቱና በእርስዋ ያለው ሁሉ በአደራ የተሰጠን እንጂ የራሳችን አይደለም።

ባልና ሚስት አብረው የሚጠይቋቸው አምስት ጥያቄዎች

እኔና ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ኬሚካል ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት እነዚህን አብረን እንጠይቃለን።

1. ምን እንደሆነ እናውቃለን? ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ አይገባም። በአገራችን ፀረ-ተባይ መመዝገብ እንዳለበት በአዋጅ ቁጥር 674/2002 ተደንግጓል። በብዙ ፀረ-ተባይ ዕቃዎች ግርጌ ላይ የቀለም ሰንበር አለ፤ ቀይ እጅግ አደገኛ ነው፤ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ በየተራ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ቀይና ቢጫ ለመኖሪያ ቤት አይደሉም።

2. በእርግጥ ያስፈልገናል? ትኋናችንን በመጨረሻ ያጠፋው የፈላ ውሃ ነበር። የአልጋውን መጋጠሚያ በሙሉ የፈላ ውሃ አፈሰስንበት፤ አንሶላውን ቀቀልነው፤ የግድግዳውን ስንጥቅ ደፈንነው፤ ይህንንም በየሳምንቱ ደጋገምነው። አድካሚ ነው፤ ግን ማንንም ሐኪም ቤት አላደረሰም።

3. ምን ያህል ነው ልኩ? “ትንሽ ጨምሪበት” የሚባለው ምክር ለወጥ እንጂ ለመርዝ አይሆንም። የእርሻ ፀረ-ተባይ ለእርሻ የተለካ ነው። በሰው ራስ ላይ ለቅማል፣ በእህል ላይ ደግሞ በግምት የሚያፈስሱ አሉ፤ ይህ ፈጽሞ መቅረት ያለበት ነው።

4. ማን ይነካዋል? ከቤቱ ሰው ሁሉ ደካማውን አስቡ። ነፍሰ ጡር አለች? የሚድኽ ሕፃን አለ? በቤታችን የምትሠራዋ ልጅስ? ብዙ ጊዜ በባዶ እጇ በረኪና የምታሸው እርስዋ ናት። ለልጆቻችን የሰጋነውን ያህል ለእርስዋም ጓንትና የተከፈተ መስኮት ይገባታል።

5. የት ይቀመጣል? ትርፉስ የት ይሄዳል? ላምባም ሆነ በረኪና በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ አይቀመጥም፤ ሕፃን የሚያውቀው መጠጥ መሆኑን ነው። ሁሉም በመጣበት ዕቃ፣ ከፍ ባለ ቦታ፣ በቁልፍ ይቀመጥ። የእርሻ መርዝ ደግሞ ጭራሽ ከመኖሪያ ቤት ይራቅ።

ስለ ቁልፉ አንድ ነገር ልጨምር። በቤተሰቦቻችን ውስጥ ልባቸው ተሰብሮ ዝም የሚሉ ሰዎች አሉ። በዚያች ከባድ ሰዓት መርዝ በቅርብ አለመገኘቱ ሕይወት ያድናል፤ ብዙዎች ያቺ ሰዓት ካለፈችላቸው ተመልሰው መኖርን ይመርጣሉ። ስሪላንካ እጅግ አደገኛ የሆኑ ፀረ-ተባዮችን ደረጃ በደረጃ ከከለከለች በኋላ ራስን የማጥፋት መጠን እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2015 በነበረው ጊዜ 70 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ቁልፉን መያዝ አንዱ ጉዳይ ነው፤ የተጎዳውን ሰው ቀርቦ ማነጋገርና ወደ ሐኪም ማድረስ ደግሞ ሌላው ነው። ሁለቱም የቤተሰብ ሥራ ናቸው።

ድንገት ቢደርስ

ልጅ ኬሚካል ቢጠጣ በግድ አታስመልሱት። ላምባ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባል፤ በረኪና ሲመለስ ጉሮሮን ደግሞ ያቃጥላል። ወተት ወይም ዘይት እያጠጣችሁ ጊዜ አታባክኑ። ቆዳውን የነካው ከሆነ ልብሱን አውልቃችሁ በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ዓይኑን የነካው ከሆነ በንጹሕ ውሃ ለብዙ ደቂቃ አፍስሱበት። ጋዝ ከሆነ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት። ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሩጡ፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ። በጉዞ ላይ መጸለይ ይቻላል፤ መጸለይ ግን ጉዞውን አያዘገየውም።

ይቅርታ የተባባልንበት ምሽት

ያቺ እህት ከሄደች በኋላ ባለቤቴ ደጅ ላይ ወደ ከመረው ዕቃ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያነሣን ጽሑፋቸውን በባትሪ አነበብን። በረኪናው ተመለሰ፤ ሳሙናውም ተመለሰ። የጉንዳኑ ዱቄት ምን እንደሆነ ስላልታወቀ አልተመለሰም። ባለቤቴ፣ “ሁሉን መፍራቴ አንቺን መክሰሻ ሆነ” አለኝ። እኔም፣ “ጽሑፍ የሌለውን ጠርሙስ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ” አልኩት። በሳምንት ውስጥ ያልወጣልኝ ቃል ያን ማታ ወጣ።

በማግስቱ ባለቤቴ አናጺ ጠርቶ ከኩሽናው ግድግዳ ከፍ አድርጎ ትንሽ የእንጨት ሣጥን አሠራ። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ በእርሱ፣ አንዱ በእኔ ዘንድ ይኖራል። ልጃችን አድጋ ዛሬ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ትማራለች። አንድ ቀን፣ “እማዬ፣ ለምንድን ነው ይህ ሣጥን ሁልጊዜ የሚቆለፈው?” ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ቁጭ ብዬ እናንተ አሁን ያነበባችሁትን ታሪክ ነገርኳት።

እናንተም ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ባልና ሚስት አብራችሁ ኩሽናችሁንና ጓዳችሁን ፈትሹ። ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ ስንት ነው? በለስላሳ ጠርሙስ የተቀዳውስ? አንዳችሁ ሌላውን ሳትከስሱ፣ በአንድ ባትሪ እያበራችሁ ፈልጉ። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ።